ነፍስ ያለው የእኔ ድርሻ

ባለፈው ሳምንት ወልድያ መናኸሪያው አጠገብ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ሰው እስኪሞላ ስጠብቅ፣ ከጎን ካለ ጋራዥ የነጭ ጋዝ ሽታ መጣብኝ። አንድ ጎልማሳ የቀለም ብሩሹን ጣሳ ውስጥ እየነከረ ያጥባል። ሌላው ተሳፋሪ አፍንጫውን ሲይዝ እኔ አንገቴን አስግጌ ሳብኩት። አጠገቤ የተቀመጠች ተማሪ «አባባ፣ ሳንባ ይጎዳል እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን ለሷ ጋዝ ነው፤ ለእኔ የወጣትነቴ ሽቶ ነው። ያኔ የዘይት ቀለም የምናቀጥንበት ሌላ ነገር በአገሩ አልነበረም፤ ልብሴም ትራሴም፣ የሰርጌ ዕለት የለበስኩት ኮት ሳይቀር፣ ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ ይል ነበር። ባጃጁ ሞልቶ ሲነሳ ሐሳቤ ወልድያ አልነበረም፤ የድሮዋ መርሳ ገብቷል።

መርሳ የወረድኩት ታፔላ ልጽፍ ነው። ትውልዴ ከወልድያ በላይ ካለው ደጋ ነው። ሥራ ፍለጋ ወደ ቆላው ወረድኩና ለአንድ ሻይ ቤት «እንኳን ደህና መጡ» ብዬ ስጽፍ ባለ ፀጉር ቤቱ አይቶኝ መጣ፤ ለሱ መቀስ ስስል ባለ ሆቴሉ መጣ፤ በዚያው ቀረሁ። ያኔ መርሳ ማለት አስፋልቱና አስፋልቱን ይዘው የተደረደሩ ቆርቆሮ ቤቶች፣ ከዚያ ወዲያ የብርቱካን ማሳ ነበረች። አለባበሱን ደግሞ አትጠይቁኝ። መምህራኑ እግሩ እንደ ቀሚስ የሚሰፋ ሱሪ ለብሰው አቧራውን እየጠረጉ ይሄዳሉ። የጎረቤቷ ከተማ የግራናና የየቀበሌው ገበሬ ሽርጡን በቀበቶ ጠበቅ አድርጎ፣ ኮንጎ ጫማውን ወንዝ ላይ አጥቦ ገበያ ይገባል። ሴቶቹ ሲራመዱ የሚንሿሿ የተፍታ ቀሚስ ነበራቸው፤ ሳያዩአቸው በድምፁ ብቻ ማን እንደመጣች የሚያውቁ ጎረምሶች ነበሩ፤ አንዱ እኔ ነኝ። ሬዲዮ ጠጋኙ ይማም ያለቁ የባትሪ ድንጋዮችን ከሱቁ ደጅ ፀሐይ ላይ ያሰጣና፣ ነፍስ ዘሩ ሲል ቴፑ ውስጥ ከቶ አምባሰል ይለቃል። ዘፈኑ መሀል ላይ ድንጋዩ ይደክማል፤ የዘፋኟ ድምፅ እየወፈረ፣ እየወፈረ ሄዶ በመጨረሻ ወንድ ሆና ታርፋለች። እንዲያም ሆኖ እናለቅስ ነበር። ዛሬ ያ ሱቅ የሞባይል ቤት ሆኗል፤ ዘፈኑ አይደክምም፤ የሚያለቅስም አላየሁም።

ከወልድያም ከደሴም የሚመጣ አውቶቡስ ሲቆም ብርቱካን ሻጮቹ ልጃገረዶች እየተጋፉ ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ። አስካለ አትሮጥም ነበር። ሹፌሩ የት እንደሚያቆም፣ በሩ የት ላይ እንደሚከፈት ታውቃለች፤ አስቀድማ ቦታውን ይዛ፣ ሳፋዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። ተሳፋሪው ወርዶ የሚያርፈው እሷው ላይ ነው። በስሙኒ እጅ የማይችለው ብርቱካን ይሰጥ በነበረበት ዘመን፣ እኔ ስሙኒ ስሙኒ እያልኩ ከሷ ስገዛ ከረምኩ። አንድ ቀን ቀና ብላ አየችኝና «አንተ ሰውዬ፣ አውቶቡስ ላትሳፈር ስንቅ የምትይዘው ወዴት ልትሄድ ነው?» አለችኝ። በዓመቱ ተጋባን።

ያን ገበያ ነው ልስለው የተነሳሁት። ትዳር በያዝን ሰሞን ከአንድ የጭነት መኪና ሹፌር አሮጌ ሸራ ገዛሁ፤ ሰፊ፣ ከባድ፣ ዝናብና ፀሐይ የጠገበ ሸራ። አጠብኩት፣ ቀባሁት፣ ከቤታችን ረጅም ግድግዳ ላይ ከዳር እዳር ወጠርኩት። አውቶቡሱን፣ ሻጮቹን፣ ይማምን፣ ሚዛን ሰቃዩን፣ አህያውን፣ ሁሉንም ከነስሙ ከነመልኩ አስገባለሁ አልኩ። «መቼ ታደርሰዋለህ?» አለችኝ አስካለ። «ለፋሲካ» አልኳት። የትኛው ፋሲካ እንደሆነ አልተናገርኩም፤ በዚህ በኩል ውሸታም ልባል አልችልም። ልጆች ወለድን፤ ልጆቹ ከሸራው ሥር ድክ ድክ ብለው አደጉ፣ ወጡ፤ ሸራው እዚያው ነው። ጊዜ ሲከፋ ጠቅልዬ ከጣሪያው እንጨት ጋር አስረዋለሁ፤ ጊዜ ሲሻል አወርደዋለሁ። በመጨረሻው ክፉ ጊዜ ቤቱን ጥለን ወጥተን ስንመለስ ዕቃው የለም፣ የሰርጋችን ፎቶ የለም፣ ሸራው ግን ማንም ሳይፈልገው እላይ ተሰቅሎ ጠበቀን። አስካለ ሳቀች። «ሌባው እንኳ ያላለቀ ነገር አይወስድም» አለች።

ሰው ሲጠይቀኝ ጊዜ የለኝም እል ነበር። ጊዜስ ነበረኝ። ብሩሽ ባነሳሁ ቁጥር የምሄደው ወደ ተራራው ነበር። ከገበያው ጀርባ ያለውን ተራራ ስንት ጊዜ እንደሣልኩት እኔም አላውቅ፤ ቀለም በቀለም ላይ ተደርቦ ሸራው እዚያ ጋ እንደ ቋንጣ ደርቋል። ተራራው ሲሰለቸኝ ዛፉን፣ ዛፉ ሲሰለቸኝ ድንጋዩን፣ ቅርጫቱን፣ የድንኳኑን ጥላ። የሰዎቹ ፊት መሆን የነበረበት ግን ባዶ፣ እንቁላል እንቁላል የሚያህል ቦታ ነው። ገበያ ሙሉ ሰው ፊት የለውም። እንግዳ ሲመጣ መጋረጃ እጋርድ ነበር።

የአስካለ ዓይን ነው ነገሩን የለወጠው። መጀመሪያ የበሩ ደፍ ላይ መደናቀፍ፣ ከጎን የሚመጣ ባጃጅ አለማየት ጀመረች። ወልድያ ይዣት ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ጊዜ ሰጥቶ አስረዳን። የዓይን ግፊት ነው አለ፤ ከዳር ከዳር እየበላ ወደ መሀል የሚመጣ። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን ጠብታው ያቆይላታል፤ እስከ መቼ እንደሆነ ግን መናገር አልችልም አለን። በሚኒባስ ስንመለስ፣ መርሳ ልንገባ ስንል ክንዴን ይዛ «ያ ገበያህ ሳላየው ሊቀር ነው» አለች። ወቀሳ አልነበረበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚባለው አድርጋ ነው የተናገረችው፤ እኔ ግን ያን ቀን ከዚያ ወንበር ላይ መነሳት አቃተኝ።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ለራሴ እምል ነበር። ተነስቼ ፊቴን እታጠባለሁ፣ ሸራው ፊት እቆማለሁ፣ ብሩሹ ደርቋል እልና ላጥበው እወጣለሁ፤ ብሩሹ እስኪደርቅ ሻይ ልጠጣ እላለሁ፤ ሻይ ቤት ወዳጅ አገኛለሁ። ስመለስ ብርሃኑ ዞሯል፤ በዞረ ብርሃን ደግሞ ፊት አይሣልም። ተራራ ግን ይሣላል። አስካለ ጥግ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፣ ጠጠሩን ከምስሩ በጣቷ እየለየች።

አያ ሰይድ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ጎረቤታችን ነው፤ በዕድሜ ጥቂት ይበልጠኛል፤ ወንዙ ዳር የብርቱካንና የማንጎ ማሳ አለው። ልጆቹ ርቀው ሄደውበታል። ባለፈው ክረምት ጎርፍ የማሳውን ጥግ በልቶበት የድንጋይ ካብ መካብ ጀምሯል፤ ብቻውን ደግሞ አይገፋለትም።

«የዘንድሮ ሰው ወንፈል አያውቅም» አለ ደጃችን ላይ ተቀምጦ። «ዛሬ እኔ ላንተ፣ ነገ አንተ ለኔ ብትለው ይስቅብሃል። ክረምቱ ሳይመጣ ይሄን ካብ እንዴት እንደምጨርሰው አላህ ይወቅ።»

አስካለ ምስሩን አስቀመጠች።

«አያ ሰይድ፣ ይሄን ሽማግሌ ይውሰዱት» አለች። «ይካብልዎ። በማግስቱ ደግሞ አንቱ በተራዎ ይምጡና የሱን ሥራ ያሠሩት። ወንፈል እሱ አይደለም?»

እኔ ሳቅኩ። አያ ሰይድ አልሳቀም። ትንሽ አሰበና «ይሆናል» አለ። «ወንፈል ወንፈል ነው። ሥራው ይለያይ እንጂ ቀኑ ያው ቀን ነው።»

እንዲህ ሆነና በስተርጅና ድንጋይ ተሸካሚ ሆንኩ። የመጀመሪያው ቀን ማታ ወገቤን ማን ቢገዛኝ በሸጥኩለት። በማግስቱ ማለዳ አያ ሰይድ «ቢስሚላህ» ብሎ ደፉን ተሻገረ፤ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቧል።

«እሺ፣ ማሳው የቱ ጋ ነው?»

«አንቱ ቁጭ ይበሉ። እኔ ጥዬ እንዳልወጣ ብቻ ይጠብቁኝ» አልኩት።

«ቁጭ? ወላሂ አላደርገውም። አንተ ድንጋይ ስትሸከምልኝ ውለህ እኔ እዚህ ተጎልቼ ልይህ? ቁጭ ብሎ የዋለ ሰው ወንፈሉን መለሰ ይባላል? ሰው ምን ይለኛል?» አለና መጋረጃውን ራሱ ገለጠው። ለረጅም ጊዜ አየ። ያችን ፊት የሌላትን ገበያ ከዳር እዳር ተመለከታት። «አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገርህ። ነፍስ ያለው አልነካም። ሩሁን፣ ነፍሱን፣ የሚሰጠው አላህ ብቻ ነው፤ እኔ በሱ ሥራ አልገባም። ሰዉ፣ አህያው፣ ወፉ ያንተ ነው። ዛፉን፣ ድንጋዩን፣ ቅርጫቱን፣ ብርቱካኑን ለኔ ስጠኝ።»

«ፍየሏስ?»

«ፍየሏ ነፍስ የላትም ልትለኝ ነው?»

ብሩሽ ሰጠሁት። የሰጠሁት ምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ዛፉ፣ ድንጋዩ፣ ቅርጫቱ፣ ተራራው ሳይቀር፣ ዕድሜዬን ሙሉ የተደበቅኩበት ቦታ በሙሉ የአያ ሰይድ ድርሻ ሆነ። ለእኔ የተረፈኝ ነፍስ ያለው ብቻ ነው። ወደ ተራራው ዞር ስል እዚያ ተንበርክኮ የአላህን ስም እየደጋገመ ዚክር እያለ ይቀባል፤ ገለል ይበሉ አይባል ነገር። ወጥቼ ሻይ እንዳልጠጣ የሰው ቀን ተበድሬያለሁ፤ ነገ እሱ ካቡ ላይ ሲጠብቀኝ ምን ብዬ ዓይኑን አያለሁ? አስካለ ንፍሮና የማያሰክረውን መጠጥ፣ ቀሪቦን፣ ታቀርብልናለች፤ ለወንፈል ሠራተኛ እንደሚደረገው። ከዚያ ደግሞ እስከ ዐሥር ሰዓት።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያ ብርቱካኖቹ ድንች ነበሩ። አስካለ ሸራው ድረስ ቀርባ አንገቷን አዘንብላ አየቻቸውና «አያ ሰይድ፣ በዚህ ብርቱካንማ እኛ ባለሳፋዎቹ ከስረን ነበር» አለችው። ሲሄድ ጠብቄ ባስተካክልለት በማግስቱ ነቃብኝ። ተቆጣ። «ያረስኩትን ልታርስብኝ ነው? እንግዲያ እኔም አንተ የካብከውን አፍርሼ ልካበው?» የካብኩት ደግሞ እንደ ጠማማ ጥርስ የወጣና የገባ ነበር፤ እሱ ግን አንዲት ድንጋይ አላነሳብኝም። ብሩሼን ይዤ ወደ ድርሻዬ ተመለስኩ።

በይማም ጀመርኩ። ሬዲዮ ጠጋኙ፣ ያ አፍሮ ፀጉር፣ ጆሮው ላይ የሰካው የቴስተር ብረት፣ ሲስቅ የምትታየው የወርቅ ጥርስ። ከሞተ ብዙ ጊዜው ነው። ዓይኑን ሣልኩ፣ አፉን ሣልኩ፣ ወርቋን ጠብ አደረግኩና ቆሜ አየሁት። እስከዚያች ቀን ድረስ ፊት የማልሠራው ስንፍና ይመስለኝ ነበር፤ ስንፍናም ነበረበት። ነገር ግን ባዶ እንቁላል ሆኖ እስካለ ድረስ ሰውየው ገና ይመጣል፤ ፊቱን ስጨርሰው ግን ጨረስኩት። በገዛ እጄ ቀበርኩት ማለት ነው። እያንዳንዱ ፊት አንድ ቀብር ነው፤ ገበያው ደግሞ ሙሉ ነው። እንደ ልጅ አለቀስኩ። አያ ሰይድ ዞሮ አላየኝም። ብርቱካኑን እየቀባ «ማን ነበር ስሙ?» አለ።

«ይማም።»

«አላህ ይዘንለት» አለ። ቀጠለ። እኔም ቀጠልኩ።

ከዚያ በኋላ ሥርዓት ሆነ። አንድ ፊት ባለቀ ቁጥር ስሙን ይጠይቀኛል። ስሙ እስላም ከሆነ እሱ ዱዓ ያደርጋል፤ ክርስቲያን ከሆነ አስካለ ከጥጓ «ነፍስ ይማር» ትላለች፤ ያልታወቀ እንደሆነ ሁለቱም። ነፍስ ያለው አልነካም ያለ ሰው ያን ሁሉ ነፍስ በምርቃቱ ሲነካ ዋለ። ከሞቱት መሀል በሕይወት ያለ ሰው ሲገኝ ደግሞ እልል ማለት ነው የቀረን፤ ያ ሚዛን ሰቃዩ ወልድያ ልጁ ዘንድ እንዳለ ሰምተን የደስ ደስ ቀሪቦ ተጨመረ። ቀብር ነው ብዬ የፈራሁት ሥራ ቀስ በቀስ ጥየቃ እየመሰለኝ መጣ። አንዱን ቀን ድንጋይ፣ አንዱን ቀን ፊት። ፊት ያቃተኝ ቀን፣ ነገ ድንጋይ ነው ብዬ እጽናናለሁ፤ ድንጋይ የከበደኝ ቀን፣ ነገ ፊት ነው እላለሁ። ራስን መግዛት የሚሉት ነገር፣ ወጣት ሳለሁ ከመጽሐፍ የፈለግኩት፣ ለእኔ ይኸው ነበር፤ የሰው ቀን በእጄ መኖሩ።

ካቡ ከዝናቡ በፊት አለቀ። የመጀመሪያው ጎርፍ መጣ፣ ጫፉን ቆረሰ፣ ማሳውን ግን አልነካም። በማግስቱ ማለዳ በሩ ተንኳኳ፤ አያ ሰይድ ነው።

«ካቡ አለቀልዎ እኮ። ብድር የለብዎ፣ ለምን መጡ?» አልኩት።

«ያንተ ማሳ መች አለቀ?» ብሎ ገባ።

አንዲት ፊት ብቻ ነበር የቀረችው። ጥላው ሥር ሳፋዋን ጭኗ ላይ አድርጋ የተቀመጠችው። አያ ሰይድ ሳፋውን ቀድሞ ሞልቶልኛል፤ በዚያን ጊዜ ብርቱካኑ ብርቱካን ሆኖ ነበር። እኔ ግን ልጅቷን ፈልጌ አጣኋት። የቀሚሷን ቀለም አስታውሳለሁ፣ የሻሿን አስተሳሰር፣ «አንተ ሰውዬ» ያለችበትን ድምፅ፤ ፊቷን ላመጣው ስል ግን የዛሬዋ ትመጣብኛለች። አርባ ዓመት በየቀኑ ያየሁት ፊት የመጀመሪያውን ሸፍኖታል። የሌባ ነገር፣ ፎቶውም የለም። ከዚያ ባዶ ቦታ ፊት ቀናት ቆምኩ። በአእምሮዬ የሆነች ቆንጆ ልጅ ፈጥሬ ላስቀምጥ አስቤም ነበር፤ ከዚያ ግን ያቺን ልጅ አላውቃትም አልኩ። የማላውቃትን ሴት አስካለ ናት ብዬ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል አላስቀምጥም።

«እስቲ መስኮቱ ጋ ተቀመጪልኝ» አልኳት።

«ምን ልሆንልህ?»

«ምንም። ምስርሽን ልቀሚ።»

ሠራኋት። ከዓይኗ ሥር ያለውን ሽብሽብ፣ የላይኛውን ከንፈሯን መስመር፣ የሚሸሽ ብርሃን ለመያዝ ስትል አገጯን ከፍ የምታደርገውን አዲስ ልማዷን ሳይቀር። በዚያ ሁሉ ጎረምሳና ልጃገረድ መሀል አንዲት አሮጊት ሳፋ ይዛ ተቀምጣለች። አያ ሰይድ አየ፣ አየ፣ ብሩሹን አጠበ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ «ይበቃል» አለ።

በማግስቱ ዝናቡ ለአፍታ ከፈት ሲል በሩንም መስኮቱንም ከፍተን አስካለን አስገባናት። ሰው ሸራን ከሩቅ ነው የሚያየው፤ እሷ ከሩቅ ብታይ የምታገኘው የሳንቲም ያህል ቁራጭ ብቻ ነው። ስለዚህ አፍንጫዋ ሊነካው እስኪደርስ ተጠጋችና ከግራው ጫፍ ጀመረች። እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ እየተንፏቀቀች፣ ፊት በፊት፣ ሰው በሰው። «ውይ ይማም!» ትላለች፤ ትስቃለች። «ይሄ ሰውዬ ቆዳ ጫማ ኖሮት አያውቅም፤ ኮንጎ ነበር» ብላ ተቆጣችኝ። አንዷን የብርቱካን ጓደኛዋን ስታገኝ ግንባሯን ሸራው ላይ አድርጋ ቆየች። ሲደክማት ተቀመጠች፤ የቀረውን ነገ አለች። ለዓመታት ያልጨረስኩትን ነገር ሰው እንዲህ ላለመጨረስ እየሳሳ ሲያየው ተመለከትኩ። አያ ሰይድና እኔ ደፉ ላይ ተቀምጠን ዝናቡን ስንሰማ፣ ምን ይሰማኝ እንደነበር ልንገራችሁ፤ ፈርቼ ነበር። ነገ ባታየውስ?

በማግስቱ ከጥላው ሥር ደረሰች። ሳፋውን አየች፤ «አሁን ብርቱካን ሆነ፣ አያ ሰይድ» አለች። ከሳፋው ወደ እጁ፣ ከእጁ ወደ ሻሹ፣ ከሻሹ ወደ ፊቱ ወጣች። ቆመች።

«ይቺ ማን ናት?»

መስታወት ከተወች ቆይታለች፤ መስታወቱ ውስጥ ግማሽ ጉንጭ እንጂ ሌላ አልታይ ስላላት ትታዋለች። ራሷን ሙሉ ሆና ካየች ስንት ጊዜ እንደሆናት እኔም አላሰብኩትም ነበር። አገጯን ከፍ አድርጋ በዚያች በቀረቻት ቀዳዳ ግንባሩን አየች፣ ዓይኑን አየች፣ ሽብሽቡን በጣቷ ተከተለች፤ ጣቷ ላይ ያልደረቀ ቀለም ቀረ። እኔ ወዳጁን እንዳስቀየመ ሰው አንገቴን ደፍቼ፣ ሁሉንም ወጣት አድርጌ እሷን ለምን እንዳስረጀኋት የማስረዳበትን ቃል ስፈልግ ነበር።

ዞረች። ባለ ቀለሟን ጣቷን ወደ ላይ ይዛ፣ እኔ ባለሁበት በኩል ፈገግ አለች።

«አምሮብኝ ነው ለካ ያረጀሁት!»